ከመታሸትዎ በፊት፦ የቻይናው ቱዪና እና የዘመናዊው ክሊኒክ ማሳጅ

ወገብ ሲያም ወይም ትከሻ ሲገታተር «ትንሽ ብትታሽ ይለቅህ ነበር» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ወጌሻን ለምናውቅ ሰዎች መታሸት እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም «የቻይና ማሳጅ» እና «ሕክምናዊ ማሳጅ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሲያዩ የትኛው ይሻለኛል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እስቲ ሁለቱን እንመልከታቸው።

የቻይናው ቱዪና

ቻይናውያን ይህን ሕክምና «ቱዪና» ይሉታል፤ መግፋትና መጨበጥ ማለት ነው። የቀድሞ ስሙ «አንሞ» ነበር። እ.ኤ.አ. ከ618 እስከ 907 በነበረው የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም ውስጥ ራሱን የቻለ የማሸት ክፍል ነበረው።

በዚህ ትምህርት መሠረት በሰውነታችን ውስጥ «ቺ» የተባለ የሕይወት ኃይል በ12 ዋና ዋና መስመሮች ይዘዋወራል፤ መንገዱ ሲታገድ ሕመም ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያው ያመመውን ቦታ ብቻ አያሽም። ለራስ ምታት፣ ለምሳሌ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይጫናል። በእጁ ጀርባ እየተንከባለለ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ መገጣጠሚያዎችንም እያንቀሳቀሰ ይሠራል። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን እንደለበሰ ወይም ጨርቅ ተደርቦለት ይታሻል።

የክሊኒኩ ማሳጅ

ይህኛው ሥሩ አውሮፓ ነው። ስዊድናዊው ፐር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የአካል እንቅስቃሴ ማሠልጠኛ ተቋም መሠረተ። የሆላንዱ ሐኪም ዮሐን ጊዮርግ ሜዝገር ደግሞ መዳበስ፣ መጭመቅ፣ መፈተግና መታ መታ ማድረግ የተባሉትን የእጅ አሠራሮች መልክ በማስያዝ ይታወቃል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1894 በነርሶች የተቋቋመው የአሺዎች ማኅበር ዛሬ የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሆኗል። እዚህ ባለሙያው የሚከተለው ጡንቻን፣ ነርቭንና መገጣጠሚያን ነው። ብዙ ጊዜ ዘይት ይጠቀማል፤ ከማሸቱ ጋርም የአካል እንቅስቃሴ ያዝዛል።

የትኛው ይሻላል?

የቺ መስመሮች በሰውነት ምርመራ የተረጋገጡ አይደሉም። ነገር ግን እጅ ጡንቻን ሲያላላና ውጥረትን ሲቀንስ ሕመም ጋብ ማለቱ በሁለቱም ዘንድ ይታያል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ በቅርቡ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ማሳጅን ጠቅሷል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አለመሆኑን አልደበቀም። እፎይታውም ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው። «መርዝ ከሰውነት ያወጣል» የሚባለውን ግን አይመኑ፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው።

ቱዪናም ቢሆን በአገሩ የሆስፒታል ሕክምና መሆኑን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የቤጂንግ ማሳጅ ሆስፒታል በርካታ ዓይነ ስውራን ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው። እንግዲህ ዋናው ልዩነት የአገር ስም ሳይሆን ሳይጠይቅ የሚነካና ጠይቆ የሚነካ እጅ ነው።

መታሸት የሌለብዎት መቼ ነው?

1. ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ከወሊድ በኋላ አንድ እግርዎ ካበጠ፣ ከሞቀና ባትዎን ካመመዎ አይታሹ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። በዚያኑ ዕለት ሐኪም ይዩ።

2. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ አጥንትዎ የሳሳ ወይም በቅርቡ የተሰበረ፣ አልያም የካንሰር ሕመምተኛ ከሆኑ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

3. የስኳር ሕመም እግርዎን ካደነዘዘው፣ ጫናና ሙቀት ሲበዛ አይታወቅዎትም፤ ይጠንቀቁ።

4. ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይናገሩ። የቻይና ባለሙያዎች ራሳቸው ከላይ የጠቀስነውን የእጅ ነጥብ በእርግዝና ወቅት አይጫኑም።

5. አንገትዎን በድንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» ለማድረግ የሚሞክርን ይከልክሉ። አልፎ አልፎ የደም ቧንቧ ተሰንጥቆ ስትሮክ ያስከትላል።

6. የወገብ ሕመሙ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠርን ካሳጣዎ፣ ወይም እግርዎን ካሰነፈ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ውድ አንባቢ! ባለሙያው ከመንካቱ በፊት «ምን ሕመም አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ካልጠየቀዎ፣ ቻይናዊ ይሁን ዘመናዊ፣ ተነሥተው ይውጡ። ገላዎ እንዲሸፈንና በፆታዎ ባለሙያ መታሸትን መጠየቅም መብትዎ ነው። እየታሹ ሕመሙ ከበረታ ችለው አይተኙ፤ «ይብቃ» ይበሉ። ጤናዎ ይጠበቅ!