ጀዲ በይፋት ሰማይ

ኮከቡን በዓውደ ነገሥት ያስቆጠረ ሰው ጀዲን ያውቀዋል፤ ከሐመል እስከ ሑት ከሚዘረዘሩት 12 መካከል አሥረኛው ነው። ስሙ ዐረብኛ ሲሆን የፍየል ግልገል ማለት ነው። ፍየሉ ግን ከስሙ ይቀድማል። ባቢሎናውያን በዚያ የሰማይ ክፍል ከፊቱ ፍየል፣ ከኋላው ዓሣ የሆነ ፍጡር ያዩ ነበር፤ ከእነሱ ግሪኮች ወረሱት፣ ከግሪኮች ወደ ዐረቦች ተሻገረ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላው ጀዲ ነው። የዐረብ ከብት አርቢዎች በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለውን ኮከብም ግልገል ብለውታል። በዙሪያው ከሚሽከረከሩት ሁለቱን ፈርቀዳን፣ ማለትም ሁለቱ ጥጆች ይሏቸዋል። አብዱረህማን አስሱፊ በ964 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ፣ ቂብላ፣ ማለትም ሙስሊሞች ሲሰግዱ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ የሚለየው በዚህ ኮከብ መሆኑን ጽፏል።

ታዲያ ይህ ኮከብ ቂብላን ለሁሉም አገር በአንድ ዓይነት አይጠቁምም። የደማስቆ ሰው ሲሰግድ ከጀርባው ይሆናል። የይፋት ሰው ግን ፊት ለፊቱ ያገኘዋል፤ የይፋቷ ሸዋ ሮቢትና መካ ሁለቱም ከ40ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ጥቂት ፈቀቅ ብለው፣ ከሞላ ጎደል በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉና። በመካከላቸው ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ቢኖርም አቅጣጫው ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት፣ መካነ መቃብራቸውና የኖራ መስጊድ ፍርስራሽ ዛሬም የሚታይበት አገር፣ ለዚህ ኮከብ እንዲህ የተመቸ ነው።

ማየት የሚሻ ጥርት ባለ ሌሊት ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ወገን ፊቱን ይመልስ። እጁን ዘርግቶ ጡጫውን አድማሱ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ኮከቡ ከጡጫው አናት አካባቢ ይሆናል፤ ከፍታው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ኮረብታ በቀላሉ ይጋርደዋል። ብርሃኑም መካከለኛ ነው። የሚለየው ሌሎቹ ሲዞሩ እሱ ባለበት በመቆየቱ ነው።

በሱልጣኖቹ ዘመን ግን እንዲህ የረጋ አልነበረም። የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ኮከቡ ከዋልታው ከ4 ዲግሪ በላይ ይርቅ ነበር፤ በእሱ ቂብላን የሚለይ ሰው ሰዓቱንም ማስተዋል ነበረበት። ዛሬ ርቀቱ ከ1 ዲግሪ በታች ወርዷል፤ እስከ 2100 (እ.ኤ.አ.) ገደማም መቅረቡን ይቀጥላል።