የወገብ ሕመምና የራስ ማዞር አብረው ሲመጡ



በመሥሪያ ቤት ከወረቀት ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው፣ «ወገቤን ቆረጠመኝ፤ ብድግ ስልም ዓይኔን ጋረደኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ብዙዎቻችንም ሁለቱን ሕመሞች በአንድነት «ብርድ ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። ብርድ የሚለው ስም ግን ለሁሉ ስለሚሰጥ አንዱንም አይገልጽም።

በመጀመሪያ፣ ራስ ማዞር የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ቤቱ ከነግድግዳው የሚሽከረከር መስሎ ከታየ፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሰውነትን ሚዛን ከሚጠብቀው ከውስጠኛው ጆሮ ነው፤ ከወገብ ጋር ዝምድና የለውም። ዓይን የሚያጨልመውና ጉልበት የሚያከዳው ማዞር ግን ደም ወደ አንጎል በበቂ ባለመድረሱ የሚመጣ ነው። ሰው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ደም ሥሮቹም ወዲያው ተኮማትረው ይመልሱታል። በ3 ደቂቃ ውስጥ የደም ግፊቱ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሞች እንደ ሕመም ይቆጥሩታል። ወገቤን ብሎ ብዙ ቀን የተኛ ሰው ሲነሣ የሚንገዳገደውም ሰውነቱ ይህን ሥራ ስለሚዘነጋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የክኒኑ ነገር ነው። (ይህንም የምለው ከየመሳቢያችን ክኒን እንደማይታጣ ስለማውቅ ነው።) ዲክሎፌናክን ወይም አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ የሚውጥ ሰው፣ ጨጓራው ምንም ሳያመው ሊደማ ይችላል። ደሙ ቀስ በቀስ ሲጎድል ራሱ ይዞራል፤ ሰገራውም እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። እርሱ ግን ማዞሩም ከወገቡ የመጣ መስሎት ክኒኑን ይጨምራል! እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከታከሉበትም የአከርካሪ ነቀርሳን ወይም ከጥሬ ወተት የሚገኘውን ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ መመርመር ይገባል።

አንዳንዱ ደግሞ እስከ ነገ አይቈይም። ጀርባን እንደሚቀድ ሆኖ በድንገት የመጣ ሕመምና ራስን መሳት፣ ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር መሰንጠቁን ሊያመለክት ይችላል። በወጣት ሴት ላይ የሆድና የወገብ ሕመም ከማዞር ጋር ሲመጣ፣ እርግዝናዋን ገና ሳታውቀው ከማሕፀን ውጭ ፀንሳ ውስጥ ለውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል። ወገቡን ታሞ ሽንት የከለከለው ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘውም እንደዚሁ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከሐኪም ፊት ስትቀርቡም የትኛው ሕመም እንደ ቀደመ፣ ማዞሩ ሲነሡ ነው ወይስ ተኝተውም እንደሆነ፣ የዋጣችሁትንም ክኒን ሁሉ ከነስሙ ሳትደብቁ ተናገሩ።