አንበሳን በጉዲፈቻ

ከጉደር ተነሥቶ አምቦን፥ ጊንጪንና አዲስ ዓለምን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ሆለታ ሲደርስ በአቅራቢያው አንበሳ አለ ብሎ አይጠረጥርም። ይሁን እንጂ ከዚያው ሳይርቅ፥ 77 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ፥ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል መጠለያ ይገኛል። ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጦሩበት ስፍራ ነው።

መጠለያውን ያቋቋመው «ቦርን ፍሪ» የተባለው የእንግሊዝ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የድርጅቱ መሥራቾች ቨርጂኒያ መኬናና ባለቤቷ ቢል ትራቨርስ፥ በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚሁ ስም በሚጠራ ፊልም ላይ ኤልሳ የተባለችውን አንበሳ ያሳደጉትን ባልና ሚስት ሆነው የተጫወቱ ተዋንያን ናቸው። ድርጅቱን የመሠረቱት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ እንስሳ ኮቴ ከመጡት ሁሉ ስሙ የገነነው ዶሎ ነበር። ይህ አንበሳ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በዶሎ፥ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ኖሯል። ሰንሰለቱ ጎፈሩን ጨርሶታል፤ ዓይኑም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። መጠለያው ከገባ በኋላ ግን ሣር ረገጠ፤ ሳፊያ ከምትባል እንስት አንበሳም ጋር አብሮ ኖረ።

«ታዲያ ለምን ወደ ዱር አይለቋቸውም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል እየዞረ አደን ይማራል። በሰው እጅ ያደገ ግን አደን አያውቅም፤ ሰውንም አይፈራም። ቢለቀቅ ወይ በረኀብ ያልቃል፥ ወይ ወደ ከብት በረት ይመጣል።

እንግዲህ ዕዳው የዕድሜ ልክ ነው። አንድ ትልቅ አንበሳ በቀን 5 ኪሎ ሥጋ ይበላል ብንል፥ በዓመት 1,825 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ያገራችን በሬ 110 ኪሎ ያህል ሥጋ ቢወጣ፥ ይህ ከ16 በሬ በላይ ነው! በእንክብካቤ የሚኖር አንበሳ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንስሳውን ከሰንሰለት መፍታት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ መጦሩ ግን የብዙ ዓመት ቀለብ ይጠይቃል።

ለዚህ የተገኘው ብልሃት ከኛው ጉዲፈቻ ጋር ይመሳሰላል። በኦሮሞ ባህል የታወቀው፥ በሕጋችንም ስፍራ ያገኘው ጉዲፈቻ፥ ያልወለዱትን እንደ ወለዱት ማሳደግ ነው። ልዩነቱ፥ አንበሳውን ማንም ወደ ቤቱ አይወስደውም። አሳዳጊው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ የምስክር ወረቀትና የእንስሳውን ፎቶግራፍ ይቀበላል፤ ስለ ኑሮውም ወሬ ይላክለታል። ዶሎንም በዚህ ዓይነት በባሕር ማዶ ያሉ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ጦረውታል።

«ሰው እየተራበ ለአንበሳ ሥጋ?» የሚል ወቀሳ መነሣቱ አይቀርም። በወር ደመወዙ ቤተ ሰብ ለሚረዳ ጸሓፊ ይህ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን እነዚህን እንስሳት ከዱር ያወጣቸው ሰው ነው። ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ ብዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ተሰርቀው ወደ ዐረብ አገሮች ይሸጣሉ፤ በመንገድ የሚሞቱትም ጥቂት አይደሉም። የደፈረሰውን ማጥራት የአደፍራሹ ፋንታ ነው።

ገንዘብ የሌለውም ቢሆን ድርሻ አለው። ግልገል ለሽያጭ ሲቀርብ አይቶ «አሳዘነኝ» ብሎ መግዛት ነጋዴውን ሌላ እንዲያመጣ መጋበዝ ነው፤ የሚሻለው ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ነው። በጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ ስለ እንስሳት ጤና የሚማሩ ወጣቶችም፥ ሙያቸው ከበሬና ከበግ አልፎ ለአንበሳ ሊተርፍ እንደሚችል ልብ ቢሉ መልካም ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ሆለታ አጠገብ ግን ድሩ የሚያብረው የታሰረውን አንበሳ ፈቶ ለመቀለብ ነው።