ቴፑ የት ላይ ቆሟል?

ካሴት እየቀዳ ያደገ ሰው ባክአፕ ቴፕን ለማወቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚወደው ዘፈን እንዳይጠፋበት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይሰብር ነበር፤ ሐሳቡን ሲቀይር ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኖ እንደገና ይቀዳበታል። ታናሽ ወንድሙ ሳያየው መጀመሪያው ላይ አንድ ዘፈን ቢቀዳበት እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው አይነካም፤ እያጠነጠነ ይደርስበታል። የሰርቨር ቴፕ ግን እንዲህ አይምርም።

ቴፑ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ማግኔታዊ ጥብጣብ ነው። ኤልቲኦ የሚባለው ዓይነት ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ስድስተኛው ትውልድ በ846 ሜትር ጥብጣብ ላይ 2.5 ቴራባይት ይይዛል። ከድራይቩ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ መብራት አይፈልግም፤ ኔትወርኩን የወረረ ቫይረስም አይደርስበትም። «ቴፕ እኮ ጊዜው አልፎበታል» ለሚሉኝ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 በሶፍትዌር ስህተት የጠፉ የጂሜይል መልእክቶችን የመለሰው ከቴፕ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሊነክስ ላይ አንዱ የቴፕ ድራይቭ ሁለት ስም አለው፤ ኤስቲ-0 እና ኤንኤስቲ-0። በመጀመሪያው ስም ካዘዝነው ሥራውን እንደጨረሰ ጥብጣቡን እስከ መጀመሪያው ያጠነጥናል። በሁለተኛው ካዘዝነው የጨረሰበት ቦታ ይቆማል። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ ስንት ዳታ የጠፋው ግን በዚህች ፊደል ነው።

አዳማ ውስጥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ባክአፕ ግን በየሌሊቱ ይወሰድ ነበር። ትእዛዙን ከፍቼ አየሁት። ታር በሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ዳታቤዙን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ትንሿን የሲስተም ፋይል ይጽፋል፤ ሁለቱንም በኤስቲ-0። ዳታቤዙ ተጽፎ ሲያልቅ ቴፑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ትንሿ ፋይል በላዩ ላይ ትጻፋለች። ድራይቩ ደግሞ ጽፎ በጨረሰበት ቦታ «ዳታው እዚህ ያበቃል» የሚል ምልክት ያስቀምጣል፤ ከምልክቱ ወዲያ አልፎ ማንበብ እምቢ ይላል። ዳታቤዙ ከምልክቱ ማዶ ጥብጣቡ ላይ አለ፤ እኛ ግን ልንደርስበት አልቻልንም። በየማለዳው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት «ያለስህተት ተጠናቋል» የሚል ነበር። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ማለት ይህ ነው።

ይህን ለሰዎች ስነግር «እንግዲያው ኤን መጨመር ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። ወጥቶ እንደገና የገባ ቴፕ የሚቆመው መጀመሪያው ላይ ነው፤ በየትኛውም ስም ብትጽፉበት የመጀመሪያውን ታጠፋላችሁ። ስለዚህ በነበረው ላይ ለመቀጠል ከፈለጋችሁ ኤምቲ በሚባለው ትእዛዝ በቅድሚያ ወደ ዳታው ማብቂያ ላኩት። ቴፑን ከነጭራሹ አዲስ ልታደርጉት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለውን ዘርዝራችሁ እዩ። ተተኪው ቅጂ ተነቦ ሳይረጋገጥ አሮጌው አይነካ። የማይነካውን የጽሑፍ መከልከያ ቁልፉን ግፉበት፤ መሰባበር እንኳ አያስፈልግም።

የእኛ አገር የራሱ ወጥመድም አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የዚያን ዕለት ቴፕ መቼም ቢሆን ደግማችሁ አትጻፉበት። አንዱ ጥንቁቅ ሠራተኛ ሰኔ 2016 የወሰደውን ባክአፕ «10/2016» ብሎ ለጠፈበት እንበል። ቀኑን ከሰርቨሩ ማንበብ የለመደው ባልደረባው ይህን ኦክቶበር 2016 ብሎ ያነበዋል። ለእሱ ስምንት ዓመት ያረጀ ቴፕ ነው፤ ሳይሳሳ ይጽፍበታል። «ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ሰርቨሩ 2 ሰዓት ይላል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ «ሰኔ 30 ቀን 2016» በሉ፣ ከሥሩ የፈረንጆቹን ቀን ጨምሩ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የቀረው አጭር ነው። የአዳማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቴፕ አትተዉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። አቧራ እንዳይገባው ከሳጥኑ አታውጡት። ለማጥፋት ብላችሁ ኤልቲኦን በማግኔት አትምቱ፤ ድራይቩ መንገዱን የሚያገኝበት ፋብሪካ ላይ የተጻፈ ምልክት አብሮ ይጠፋል፣ ቴፑም ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ያ መሥሪያ ቤት ዳታቤዙን ከወረቀት መዝገብ እንደገና ሲጽፍ ወራት ፈጀ። ትእዛዙ ላይ የጨመርኩት ሁለት ፊደል ነበር። ከወራት በኋላ ስመለስ ቴፑን የምትይዘው ልጅ ከማውጣቷ በፊት የድራይቩን ሁኔታ ጠየቀች፤ «ፋይል ቁጥር 2» አላት፤ ሁለቱም ፋይሎች ተጽፈው ቴፑ ከኋላቸው ቆሟል ማለት ነው። ቁጥሩን ከቀኑ ሥር በእስክሪብቶ ጻፈችና ቴፑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።