የምርምር ግኝት ወደ ተግባር የሚሻገርበት መንገድ፦ ከእንዶድ፣ ከአቀንጭራና ከማስተማሪያ ቋንቋ የሚገኝ ትምህርት

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚካሄድ ምርምር ለኅብረተሰቡ ምን ይፈይዳል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ተመራማሪው ያገኛል፣ ባለሙያው ይቀበላል፣ ሕዝቡ ይጠቀማል የሚል ነው። ይህ መልስ ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ያስመስለዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ፍሬ ያፈሩ ምርምሮችን ቀረብ ብሎ ለሚያጤን ሰው ግን መንገዱ ከዚህ የተለየ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከተግባር ይነሣል፤ ምርምሩ ምክንያቱን ይገልጣል፤ መልሱም ሥራ ላይ የሚውለው ከተጠቃሚው አኗኗርና ቋንቋ ጋር ሲስማማ ነው። ይህ ጽሑፍ ከጤና፣ ከግብርናና ከትምህርት በተወሰዱ ሦስት አብነቶች አማካይነት ይህንን ያብራራል።

1. እንዶድ፦ ሁለት ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር

የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ከጥንት ጀምሮ ልብስ ለማጠብ ሲያገለግል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው የወንዙ ክፍል በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ይህ ትርጉም የሚኖረው የበሽታውን ዑደት ለሚያውቅ ሰው ነው። ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ የሚገባው የትሉ ዕንቁላል በውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያም በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች አካል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በመጨረሻም ወጥቶ ውኃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ያልፋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ዑደቱ ይቋረጣል።

ሴቶቹ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ያውቁ ነበር፤ ተመራማሪው ደግሞ ቀንድ አውጣ በሽታውን እንደሚያሸጋግር ያውቁ ነበር። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው። ከዚያ በኋላ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ከሳፖኒን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ተለይቶ ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ግኝቱ ወዲያውኑ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። እንዶድ በሌሎች ፍጥረታት ላይ ጉዳት አለማድረሱ በዓለም አቀፍ መለኪያ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ገንዘብና የተሟላ ቤተ ሙከራ ማግኘት ደግሞ ብዙ ዓመታት ወሰደ። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ ግኝት እውነት መሆኑ ብቻውን ወደ ተግባር እንደማያደርሰው ነው። በግኝቱና በተግባሩ መካከል ፍተሻ፣ ፈቃድና ምርት የሚባሉ ድልድዮች አሉ፤ እነርሱም ባለቤት ይሻሉ።

2. አቀንጭራ፦ ከአፈር በታች ያለው ምሥጢር

አቀንጭራ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግባቸውን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ስሙ ራሱ ገበሬው ያየውን ይናገራል፤ ሰብሉን ያቀነጭራልና። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ገበሬው አረሙን ሲያይ ጉዳቱ ከአፈር በታች ከደረሰ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ማረም ብቻውን አያድንም።

ምርምሩ የጨመረው ከአፈር በታች የሚሆነውን ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው የሰብሉ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካዊ ምልክት ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው በማዳቀል አረሙን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፤ ጎብዬና አብሺር የተባሉት በኢትዮጵያ ተለቀዋል። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በኬንያ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ሥነ ሕይወትና ሥነ ምኅዳር ማዕከል በበኩሉ ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል በበቆሎ መካከል፣ የዝሆን ሣርን ደግሞ በማሳው ዙሪያ መትከልን አስፋፋ። ሥራው የተጀመረው የአገዳ ቆርቁርን ለመከላከል ነበር፤ ዴስሞዲየም አቀንጭራንም እንደሚያጠፋ የታወቀው በማሳ ላይ በተደረገው ክትትል ነው። ተክሉ ከሥሩ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ዘሩን ያነቃውና እንዳያድግ ያደርገዋል። ለከብትም መኖ ስለሚሆን ገበሬው መሬቱን የሚሰጠው በሌላ ጥቅም ጭምር ተስቦ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ማሽላ እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። አገዳው አጭር የሆነ ዝርያ አቀንጭራን ቢቋቋምም በገበሬው ሚዛን ሊቀል ይችላል። ስለዚህ ዝርያው ከመለቀቁ በፊት የገበሬውን መመዘኛ መጠየቅ የምርምሩ አካል እንጂ ተጨማሪ ሥራ አይደለም።

3. የማስተማሪያ ቋንቋ፦ ማስረጃና ውሳኔ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳየ። ሆኖም በአንዳንድ ክልሎች ከ8ኛ ክፍል በፊት ወደ እንግሊዝኛ መሻገሩ ቀጠለ። ምክንያቱ ጥናቱን መናቅ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ወላጅ ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት ይሠጋል። ስለዚህ ጥናቱ የወላጁን ሥጋት ካልመለሰ ማስረጃው ቢጠነክርም ውሳኔውን አይለውጥም። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሚገባ ማስተማር ሥጋቱን እንዴት እንደሚያቃልል ጎን ለጎን ማሳየት ያስፈልጋል።

4. ቋንቋ እንደ ድልድይ

ሦስቱን አብነቶች የሚያገናኝ አንድ ጉዳይ አለ። መረጃው የሚሰበሰበው በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊና በመሳሰሉት ቋንቋዎች ነው፤ ውጤቱ የሚታተመው ግን በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። ጉዳቱን በአንድ ቃል ማየት ይቻላል። አቀንጭራን ወደ ሥሩ የማያስጠጋ ዝርያና አረሙ ተጣብቆበትም ምርት የሚሰጥ ዝርያ በሳይንሱ ዘንድ የተለያዩ ናቸው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም «የሚቋቋም» ሊባሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ለገበሬው ትልቅ ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት በተዘራበት ማሳ የአረሙ ዘር ከዓመት ዓመት ይከማቻልና። በትርጉም የጠፋው ልዩነት በማሳ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላትን ለመሰየም ያደረገው ጥረት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የታንዛንያ ብሔራዊ የስዋሂሊ ምክር ቤት ሥራ ለዚህ መሠረት ይሆናሉ። ነገር ግን የቃላት ዝርዝር ሙሉ የሚሆነው ባለሙያውና ተጠቃሚው ሲፈትኑት ነው። ከዚህ በመነሣት ሦስት ልማዶችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥናት መረጃው በተሰበሰበበት ቋንቋ ማጠቃለያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ቁልፍ ቃላቱ ከግብርና፣ ከጤና ወይም ከትምህርት ባለሙያዎች ጋር ተመክሮባቸው ይወሰኑ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ከመታተሙ በፊት መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ይነበብላቸው፤ የሚሰጡት እርማትም ይመዝገብ። ከመጠይቁ የቀሩ ነገሮች፣ ለምሳሌ የአገዳው ርዝመት ወይም የወላጁ ሥጋት፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት በዚህ ጊዜ ነውና።