የአያት ተረትና የስልክ መደርደሪያ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ሳታስበው ትምህርት ቤት ሆነች። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። የሦስተኛ ክፍሏ ልጄ ግን ከሬዲዮው ጋር አምስት ደቂቃ አልዘለቀችም፤ ቀጠሮዋ ከጓሮው ማንጎ ጋር ነበር። ታናሽ ወንድሟ ገና ፊደል አልለየም። በእጄ የነበሩት አንድ ስልክ፣ ሽፋኑ የወለቀ የንባብ መጽሐፍና ከጨንቻ ሊጠይቁን መጥተው የቀሩት አማቴ ናቸው። ከሦስቱ አማቴ ይበልጣሉ ብዬ አልገመትኩም።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ ቆየ፤ አብረን የምናነብባት የማታዋ አንድ ሰዓት ግን አልቀረችም። ያገኘ ወላጅ ሁሉ «ምን እያስነበብክ ነው?» ስለሚለኝ፣ ከስልኩ ውስጥ ያገኘሁትን መደርደሪያ ላስተዋውቅ።

ዋናው ስቶሪዊቨር የሚባል የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። ቤንጋሉሩ ያለው ፕራታም ቡክስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ የሕንድ አሳታሚ በ2015 እ.ኤ.አ. ከፈተው። የሕንዶቹ ችግር የእኛው ነው፤ ቋንቋው ብዙ፣ በየቋንቋው ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ ጥቂት፣ አሳታሚው ደግሞ ገዢ በሌለበት ቋንቋ አያትምም። ስለዚህ መጻሕፍቱን ከነሥዕላቸው ለቀቋቸው፤ ማንም ያንብብ፣ ያውርድ፣ ይተርጉም አሉ። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ፍየሉም ገበያውም የእኛን ስለሚመስል ልጆቼ እሱን ያበልጣሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም የዚሁ ወገን ነው። ማየት ለሚቀናው ትንሹ ልጄ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረቻት ቀጭኔ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ ዩቲዩብ ላይ አለች።

«በነፃ» የሚለውን ቃል ሰው ይጠራጠራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ እንኳ «ጋሼ፣ ይሄ አያስከስስም?» ብሎኛል። አያስከስስም። ስቶሪዊቨር ላይ ያሉት መጻሕፍት የወጡበት ክሬቲቭ ኮመንስ የሚባለው ፈቃድ ማባዛትንም መተርጎምንም ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው የደራሲውና የሠዓሊው ስም እንዳይጠፋ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጋር ግን ፈቃዱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሊለያይ ስለሚችል የመጨረሻውን ገጽ ማየት ደግ ነው። እኔ ጥቅል በሚረክስበት ሌሊት አወርዳለሁ፣ ጠዋት አሳትማለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ስሰጣቸው አማቴ ራሳቸው በፈተሉት ክር ጀርባውን ይሰፉታል። ስቴፕለር እንዲህ አይዝም።

የአማርኛው መጽሐፍ እንዲህ ተገኘ። ልጆቼ ከአያታቸው ጋር የሚያወሩት ግን በጋሞኛ ነው፤ እዚህ ላይ መደርደሪያው ይሳሳል። የትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ እርዳታ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የንባብ መጻሕፍትን እንደ አዲስ ሲያዘጋጅ የተመረጡት ሰባት ነበሩ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ። ጎረቤታችን ወላይትኛ ገባ፣ ጋሞኛ ቀረ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን የስቶሪዊቨርን የመተርጎሚያ ገጽ ከፈትኩ። ሥዕሉ አለ፣ ዋናው ጽሑፍ አለ፣ አጠገቡ ባዶ ሣጥን አለ። ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ደረጃ በአንድ ሥዕል ሥር አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢኖር ነው። ይህን መሙላት ፕሮፌሰር አይጠይቅም፤ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይበቃዋል።

ጋሞኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በጉሮሮ ተይዞ የሚለቀቀው ድምፅ፣ በወላይትኛም እንደዚያው፣ በቁጥር 7 ይጻፋል። ልጄ ይህን ስታውቅ «ሰባት ፊደል ሆነ!» ብላ ሰፈሩን አዳረሰች። ስልክ ላይ ግን ቃል መሐል ላይ ወደ ቁጥሩ ገጽ እየተሻገሩ መመለስ ጣት ያደክማል።

የመጀመሪያዋን ትርጉሜን በኩራት አነበብኩላቸው። አማቴ ሳቁ። «ይሄ የማን አገር ቋንቋ ነው?» አሉ። ከተማ ውስጥ የለቀምኳቸው ቃላት ለጨንቻ ጆሮ አልሆኑም፤ ጋሞ ውስጥ ከደሬ ወደ ደሬ፣ ማለትም ከአንዱ ነባር አካባቢ ወደ ሌላው፣ አነጋገሩ ይለያያል። አልተከፋሁም፤ በዚህ አካባቢ ከኔ የባሰ ስሕተት ተሠርቷል። በ1992 ዓ.ም ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውርኛን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው፦ አማቴ ይናገራሉ፣ ስልኩ ይቀዳል፣ ልጅቷ ትጽፋለች፣ እኔ 7ቱን አስገባለሁ።

ከትርጉም ወደ ድርሰት የተሻገርነውም በዚሁ መንገድ ነው። «ስለ ምን ልጻፍ?» ስትል አያቷ የመስከረም 2011 ዓ.ምን ነገር አወሩላት። ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ በቁጣ የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለመኑት፣ ወጣቱም ተመለሰ። ልጄ ስድስት ዐረፍተ ነገር ጻፈች። አንዱ ወደ አማርኛ ሲመለስ፦ «የሽማግሌው ጉልበት አቧራ ሆነ።» ይህን እኔ አልነገርኳትም፣ የዕለቱን ተንቀሳቃሽ ምስል ስልክ ላይ ደጋግማ አይታ ነው። ሥዕሉንም ራሷ ሣለችው። መጽሐፍ ያደረግነው ብሉም በሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ገጾቹንም ታጥፈው መጽሐፍ እንዲሆኑ አድርጎ ለማተሚያ ያዘጋጃል።

ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ በስልክ ላስተምር የሚል ካለ አልመክረውም፤ የእኔ ልጆች ሒሳብ የሚማሩት ከመምህራቸው ነው። ስልኩንም ለልጅ አሳቅፎ መሄድ አይሆንም። መጽሐፉ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔቱን አጥፉት፤ አለበለዚያ ከቀጭኔዋ ቀጥሎ የሚመጣውን ዩቲዩብ ነው የሚመርጥላችሁ።

ጨንቻ፣ ቦንኬ ወይም ቁጫ እናት አባት፣ አያት ያላችሁ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ አንድ ተረት በስልክ ቅዱልኝ። ማን እንደተናገረው፣ የየትኛው ደሬ እንደሆነ ከሥሩ ጻፉበት። ፊደሉ በኋላ ይደርሳል።