«ሜምፊስ ቤል»፦ ስሟ ያተረፋት ቦምብ ጣይ

በ2ኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከ12 ሺህ በላይ «ቢ-17» ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ሠርታ ነበር። በውጊያ ያልወደቁትም አብዛኞቹ በኋላ ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ። «ሜምፊስ ቤል» ግን ዛሬም ኦሃዮ፣ ዴይተን ባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ቆማለች። እንዴት ተረፈች? እንንገራችሁ።

ስሟ የሜምፊሷ ቆንጆ እንደማለት ነው። ፓይለቱ ሮበርት ሞርጋን ማርጋሬት ፖልክ የምትባል የሜምፊስ ልጅ ይወድ ነበርና አውሮፕላኗን በእሷ ሰየማት። ሥዕሉን ደግሞ «ኤስኳየር» መጽሔት ላይ ይስል ከነበረው ከጆርጅ ፔቲ ጠየቀ። ቶኒ ስታርሰር የተባለ ወታደር ቆንጆዋን በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ሳላት፤ በግራ ሰማያዊ፣ በቀኝ ቀይ ለብሳ።

ነገሩ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፋብሪካ የወጣችው ቁጥር ብቻ ይዛ ነው። ለ10ሩ ወጣቶች «የኛ» ያደረጋት ስሟና ሥዕሏ ናቸው። ከአንድ ዘመቻ በተመለሱ ቁጥር አንድ ትንሽ የቦምብ ምስል ይጨመርላታል።

ያኔ 25 ዘመቻ የጨረሰ ሰው ወደ አገሩ ይመለሳል። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን አጃቢ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ነዳጃቸው ሩቅ ስለማያደርሳቸው፣ ብዙዎች 25 ሳይሞሉ ወድቀው ቀሩ። ከእንግሊዝ ባሲንግቦርን የሚነሱት እነሞርጋን ግን ግንቦት 17 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) 25ኛቸውን ፈረንሳይ፣ ሎሪያን ላይ ጨረሱ። ቆንጆ ቢሳልባትም ሥራዋ ቦምብ መጣል ነበር፤ ሎሪያን ከተማም በዚያ ዓመት የአየር ድብደባ አብዛኛዋ ፈርሳለች።

የመጀመሪያዋ ናት እንዴ? አይደለችም። «ሄልስ ኤንጀልስ» የተባለችው ቢ-17 በቀናት ቀድማት 25 ሞልታለች። ግን የፊልም ዳይሬክተሩ ዊሊያም ዋይለር ካሜራ «ሜምፊስ ቤል» ላይ ነበር። አገሯ ገብታ ከከተማ ከተማ እየዞረች የጦርነት ቦንድ አሻሻጠች፤ ፊልሙም በ1944 ወጣ። «ሄልስ ኤንጀልስ» በ1945 ተቆራረጠች።

ፍቅሩስ? ሞርጋንና ማርጋሬት ሳይጋቡ ተለያዩ። እሱ በኋላ ቶኪዮን የደበደበበትን ቢ-29 «ዶንትለስ ዶቲ» አለው፤ በአዲሷ ሚስቱ ስም መሆኑ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ «ሜምፊስ ቤልም» ለመቆራረጥ ተራ ይዛ ነበር። የሜምፊስ ከተማ በ350 ዶላር ገዛቻት። ለዓመታት ደጅ ቆማ ዝናብ መታት፣ ዕቃዋም ተሰረቀ። በ2005 ሙዚየሙ ወስዶ አደሳት፤ ልክ 25ኛው ዘመቻ በተፈጸመ በ75ኛ ዓመቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 2018፣ ለሕዝብ አሳያት።

ቀድማ የጨረሰችው ቀለጠች፣ ታሪኳ የተነገረላት ቆመች።